ተቃኚ የድምፅ ሞገድ ማጣሪያዎችና ሾልኮ የሚያልፈው ምልክት

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 በአገራችን ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የተላከ ስልክ አዲስ አበባ ደርሶ ሲም ካርድ ሲገባለት ምንም ኔትወርክ አልይዝ ማለቱ የተለመደ ነበር። አንዳንዱ ስልክ በሸጠው ኩባንያ የተቆለፈ ስለሆነ ነው፤ ቁልፉ የተፈታለትም ግን ብዙ ጊዜ አልሠራም። የአሜሪካ የጂኤስኤም ኔትወርኮች ይሠሩ የነበረው በ850 እና በ1900 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሲሆን፣ የእኛው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነበር። በሬዲዮ ጣቢያ የምንፈልገው ማዞሪያውን በማዞር ነው። ታዲያ ስልኩስ ለምን እንዲሁ ሊቃኝ አልቻለም?

መልሱ በስልኩ ውስጥ ካለች፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም ከማትበልጥ ክሪስታል ጋር የተያያዘ ነው። ይህች ክሪስታል ማጣሪያ ናት። የተፈለገውን ድግግሞሽ ታሳልፋለች፣ ሌላውን ታግዳለች፤ የምታሳልፈው ድግግሞሽ ግን ፋብሪካ ውስጥ በተቀረጸችበት ዕለት ተወስኖ ያበቃል። ስልክ ሠሪዎች ከዚያ ወዲህ ችግሩን የተወጡት ማጣሪያውን ተቃኚ በማድረግ ሳይሆን ማጣሪያዎችን በማብዛት ነው። በዛሬ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ እያንዳንዳቸው ለአንድ የድግግሞሽ ክልል ብቻ የተሠሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ማጣሪያዎች ተደርድረው፣ ስልኩ በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ አንዱን ትቶ ሌላውን ይይዛል። አገልግሎት ሰጪዎች አዲስ የድግግሞሽ ክልል በተከፈተላቸው ቁጥር አዲስ ማጣሪያ ይታከላል፤ ዋጋውም የሚይዘው ቦታም አብሮ ያድጋል።

ተቃኚ የድምፅ ሞገድ ማጣሪያ መሥራት ይቻላል። በየቤተ ሙከራው ተሠርቶም ታይቷል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ማጣሪያው ከተፈጥሮ ድግግሞሹ እየራቀ በተቃኘ መጠን ማገድ የሚገባውን ምልክት የማዳከም አቅሙ እያነሰ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ሊደረግለት እንደሚችል ለማየት እንሞክራለን። ከአንባቢው የሚጠበቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ትምህርትና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

በአንድ አንቴና መናገርና መስማት

ማዳከም ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር እንመልከት። በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ኔትወርኮች በአብዛኞቹ የድግግሞሽ ክልሎች ስልኩ በአንድ አንቴና በአንድ ጊዜ ይናገራልም፣ ይሰማልም። ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ በ1900 ሜጋኸርትዝ ክልል ስልኩ የሚልከው ከ1850 እስከ 1910፣ የሚቀበለው ደግሞ ከ1930 እስከ 1990 ሜጋኸርትዝ ባለው መካከል ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው ድንበር 20 ሜጋኸርትዝ ብቻ ሲሆን ይህም ከድግግሞሹ አንድ በመቶ ያህል ነው። ስልኩ እስከ 0.2 ዋት ድረስ ይልካል፤ ከሩቅ ማማ የሚደርሰው ምልክት ግን የአንድ ዋት አንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ትሪሊዮን ጊዜ መሆኑ ነው። በጥምቀት ዕለት ከበሮውን የሚመታው ሰው ራሱ፣ ምቱን ሳያቋርጥ ከጃንሜዳ ማዶ የሚንሾካሾክ ወዳጁን ለማዳመጥ ቢሞክር የሚገጥመው ችግር ይህን ይመስላል።

መሐንዲሶች ይህን የመሰለ ትልቅ ልዩነት የሚለኩት በዴሲቤል ነው። እያንዳንዱ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ማለት ስለሆነ 2 ትሪሊዮን ጊዜ ወደ 123 ዴሲቤል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ወደ 50 ዴሲቤል የሚጠጋው የማጣሪያው ድርሻ ነው፤ የቀረውን ሌሎች የመቀበያው ክፍሎች ይሸከሙታል። ማጣሪያው ድርሻውን ሳይወጣ ቢቀር ስልኩ በራሱ ድምፅ ይደነቁራል። በሌላ በኩል ማለፍ የሚገባው ምልክትም በማጣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ኃይል ማጣቱ አይቀርም። የ1 ዴሲቤል ኪሳራ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን፣ የ3 ዴሲቤል ኪሳራ ግማሹን ይበላል፤ ይህም በቀጥታ ከባትሪው የሚቆረጥ ነው። ስለዚህ የማጣሪያ ንድፍ ሁልጊዜ በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል የሚደረግ ድርድር ነው።

ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ መለወጥ

ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ኳርትዝንና ጥቂት ሌሎች ክሪስታሎችን ሲጫኗቸው በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚታይ አረጋገጡ። በዓመቱ ጋብሪኤል ሊፕማን የተገላቢጦሹም እውነት መሆን እንዳለበት በስሌት አሳየ፤ ማለትም ቮልቴጅ ሲሰጠው ክሪስታሉ ይኮማተራል ወይም ይለጠጣል። ወንድማማቾቹም ይህንኑ በሙከራ አረጋገጡ። ይህ ፒዞኤሌክትሪክ የተባለው ባሕርይ የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ሜካኒካዊ ንዝረት፣ ንዝረቱን ደግሞ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ያስችላል። ንዝረቱን «ድምፅ» የምንለው ጆሮ ስለሚሰማው አይደለም። ጆሯችን 20 ኪሎኸርትዝ ላይ ይቆማል፤ የምንነጋገርበት ንዝረት ግን በመቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቁስ አካል እየተጨመቀና እየተለጠጠ ወይም እየተዛነፈ የሚሄድ ሞገድ ሁሉ በፊዚክስ ቋንቋ ከድምፅ ወገን ነው።

ይህን ሁሉ መንገድ መዞር ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ድምፅ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። የ1900 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ በአየር ላይ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው ድግግሞሽ በሰከንድ 4000 ሜትር ያህል በሚጓዝበት ክሪስታል ገጽ ላይ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ግን የሞገድ ርዝመቱ ወደ 2 ማይክሮ ሜትር ይወርዳል። የማጣሪያ መጠን በሞገድ ርዝመት የሚወሰን በመሆኑ፣ ክንድ የሚያክል ይሆን የነበረው መሣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ይገባል።

የእንግሊዙ ሎርድ ሬይሊ በጠጣር አካል ገጽ ላይ ብቻ የሚጓዘውን ሞገድ በስሌት የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር እንጂ ከሬዲዮ ጋር ዝምድና አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ኋይትና ቮልትመር የተባሉት ተመራማሪዎች እንደ ሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርስ የተጣለፉ ቀጫጭን የብረት መስመሮችን በክሪስታል ገጽ ላይ በማስቀመጥ ይህን ሞገድ በቀላሉ መፍጠርና መቀበል እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ዘዴ መጀመሪያ በቴሌቪዥን መቀበያዎች፣ ኋላም በስልኮች ውስጥ ተስፋፋ። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሞገዱን በገጽ ላይ ሳይሆን በቀጭን የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንጣፍ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ያመላልሳል። በዚህ ቁስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 11 ሺህ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በ1900 ሜጋኸርትዝ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ከ3 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው። የንጣፉም ውፍረት ይኸው መሆን አለበት። ከላይ የጠቀስነውን የ20 ሜጋኸርትዝ ጠባብ ድንበር በሚሊ ሜትሮች በሚለካ አካል ለመጠበቅ ያስቻሉት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የቀረቡት የዚህ ዓይነት ማጣሪያዎች ናቸው።

የሚያሳልፉት ድግግሞሽ አስቀድሞ የሚወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድግግሞሹን የሚወስኑት የጣቶቹ ርቀት ወይም የንጣፉ ውፍረት ናቸው። ክራር የሚቃኘው ጅማቱን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር መቃኛውን ማዞር ብቻ ይበቃዋል። ክሪስታሉ ግን መቃኛ የለውም። ውፍረቱ አንዴ ከተሠራ ተሠራ። የቀረልን ብቸኛ መንገድ ክሪስታሉን በውጭ ካለ የኤሌክትሪክ አካል ጋር አቆራኝቶ ማታለል ነው።

ሁለት ድግግሞሾችና አንድ መሰላል

አንድ ሬዞኔተር ማለት ፒዞኤሌክትሪክ ንጣፍ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ መንገዶች አሉት። አንደኛው የንዝረት መንገድ ነው፤ ኢንዳክተር፣ በጣም አነስተኛ ካፓሲተርና ጥቂት ተቃውሞ በተከታታይ የተያያዙበት ያህል ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል በግድ የሚኖረው ተራ ካፓሲተር ነው፤ ቋሚው ካፓሲተር እንበለው። ይህ ቋሚ ካፓሲተር ከንዝረት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሁለት የብረት ገጾች ትይዩ ስለቆሙ ብቻ የተፈጠረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለ ዕዳ እርሱ ነው።

በዚህ አሠራር ሬዞኔተሩ ሁለት ልዩ ድግግሞሾች ይኖሩታል። በታችኛው፣ ሬዞናንስ በሚባለው ላይ፣ ኢምፒዳንሱ እጅግ ይወርድና ምልክቱን እንደ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል። በላይኛው፣ ፀረ ሬዞናንስ በሚባለው ላይ፣ የንዝረቱ መንገድና ቋሚው ካፓሲተር እርስ በርስ ይመላለሱና መንገዱ እንደ ተቆረጠ ሽቦ ይዘጋል። የሁለቱ ርቀት የሚወሰነው የንዝረቱ ካፓሲተር ከቋሚው ካፓሲተር ጋር ባለው ንጽጽር ነው። በአሉሚኒየም ናይትራይድ ይህ ንጽጽር ወደ 0.05 ሲሆን፣ የፀረ ሬዞናንሱና የሬዞናንሱ ንጽጽር የ1.05 ስኩዌር ሩት ይሆናል፤ ማለትም ወደ 2.5 በመቶ ያህል ይበልጣል። በ1900 ሜጋኸርትዝ ይህ 47 ሜጋኸርትዝ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢው እንዲይዝልን እንጠይቃለን።

ብዙ ሬዞኔተሮች በመሰላል መልክ ይያያዛሉ። አንዳንዶቹ በምልክቱ መንገድ ላይ በተከታታይ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከመንገዱ ወደ መሬት ይወርዳሉ። ወደ መሬት የሚወርዱት በጥቂቱ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ እንዲኖራቸው ተደርገው ይሠራሉ፤ ይኸውም የእነርሱ ፀረ ሬዞናንስ በመንገድ ላይ ከቆሙት ሬዞናንስ ጋር እንዲገጥም ነው። በዚያ ድግግሞሽ የመንገዱ በር ይከፈታል፣ ወደ መሬት የሚወስደው በር ይዘጋል፤ ምልክቱም ያልፋል። ጥቂት ከፍ ሲል በመንገድ ላይ ያሉት በፀረ ሬዞናንሳቸው ይዘጋሉ። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ መሬት የሚወርዱት በሬዞናንሳቸው ምልክቱን ይውጡታል። በማለፊያው ክልል ግራና ቀኝ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከጉድጓዶቹ ርቀን ስንሄድስ? እዚያ ክሪስታሉ አይነዝርም። የቀሩት ቋሚዎቹ ካፓሲተሮች ብቻ ናቸው። መሰላሉ የካፓሲተሮች ቮልቴጅ አካፋይ ሆኖ ይቀራል፤ ምን ያህል እንደሚያዳክምም በንዝረት ጥራት ሳይሆን በካፓሲተሮቹ ንጽጽር ብቻ ይወሰናል። ወደ መሬት የሚወርደው ካፓሲተር በመንገድ ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ቢሆን፣ እርከኖቹ አንዱ ሌላውን መጫኑ ታስቦ ሲሰላ እያንዳንዱ እርከን ወደ 11.4 ዴሲቤል ያዳክማል። አራት እርከን ቢኖረው በግምት 46 ዴሲቤል ይሆናል፤ ከ40 ሺህ አንዱ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ይህ ደኅና ማጣሪያ ነው።

ሲቃኝ ምን ይሆናል?

አሁን ማታለሉን እንጀምር። ከሬዞኔተሩ ጋር ጎን ለጎን ተጨማሪ ካፓሲተር ብናያይዝ የቋሚው ካፓሲተር ዋጋ ያደገ ያህል ስለሚሆን ፀረ ሬዞናንሱ ወደ ሬዞናንሱ ይወርዳል፤ ሬዞናንሱ ራሱ ግን አይነቃነቅም። በተከታታይ ብናያይዝ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሬዞናንሱ ወደ ፀረ ሬዞናንሱ ይወጣል፤ ፀረ ሬዞናንሱ በቦታው ይቆያል። የሚቀያየር ካፓሲተር ካለን የላይኛውን ጉድጓድ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ እየሳብን የማለፊያውን ክልል ዳርቻዎች እንደፈለግን እናንቀሳቅሳለን።

ሁለት ነገሮች ወዲያውኑ ይታያሉ። አንደኛ፣ የቱንም ያህል ካፓሲተር ብንጨምር ከሁለቱ ድግግሞሾች ክፍተት ውጭ መውጣት አንችልም። ሀብታችን 47 ሜጋኸርትዝ ነው። ከ1900 ወደ 1800 ሜጋኸርትዝ መሻገር በዚህ መንገድ አይታሰብም፤ ከአሜሪካ የመጣው ስልክ ተቃኚ ማጣሪያ ቢኖረው እንኳ በዚህ ቁስ አይሳካለትም ነበር። ሁለተኛው ነገር የከፋ ነው። የላይኛውን ጉድጓድ በ23 ሜጋኸርትዝ ለማውረድ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ካፓሲተር ከቋሚው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለው ካፓሲተር እጥፍ ሆነ። የታችኛውንም በ23 ሜጋኸርትዝ ለማውጣት ወደ መሬት ከሚወርደው ጋር እኩል የሆነ ካፓሲተር በተከታታይ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ሁለት እኩል ካፓሲተሮች በተከታታይ ሲቆሙ ዋጋቸው ግማሽ ይሆናልና የመሬቱ ካፓሲተር በግማሽ ቀነሰ። ሾልኮ ለሚያልፈው መንገዱን አሰፋንለት፤ ወደ መሬት የሚሰደድበትን ደግሞ አጠበብንበት። በፊት 1 ለ 2 የነበረው ንጽጽር 2 ለ 1 ሆነ። ስሌቱ ሲሠራ እያንዳንዱ እርከን ከ11.4 ወደ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የአራቱ እርከን ድምር ከ46 ወደ 24 ዴሲቤል ይሆናል። ከ40 ሺህ አንዱ የነበረው አሁን ከ250 አንዱ ያልፋል።

ጉድጓዶቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ከቀድሞው የበለጠ ለማለፊያው ክልል ቀርበው ይታያሉ። በጥሩ ሁኔታ የተቃኘ ማጣሪያ በሚታይበት ሥዕል ላይ ዓይን የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያጋጥመን መጀመሪያ የምናየው ዳርና ዳሩን ነው፤ የዕዳው መዝገብ ያለው እዚያ ነው።

ሦስተኛ ዕዳም አለ፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። ጥሩ ሬዞኔተር ከ1000 በላይ የጥራት ልኬት አለው፤ ማለትም በየንዝረቱ የሚያጣው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። በጊጋኸርትዝ ድግግሞሾች የሚቀያየሩ ካፓሲተሮች የጥራት ልኬት ግን ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ይህን አይተው «መጥፎው ጥሩውን ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። በፀረ ሬዞናንስ ጊዜ አብዛኛው ኃይል የሚቀመጠው በንዝረቱ መንገድ ነው፤ ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ወደ ተጨማሪው ካፓሲተር የሚደርሰው 1.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የሬዞኔተሩ ልኬት 1500፣ የካፓሲተሩ 50 ቢሆን የሁለቱ ጥምር ወደ 1100 ይወርዳል። ኪሳራ ነው፤ ጥፋት ግን አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው በዳዮድ የተሠሩ ካፓሲተሮች ምልክቱ ራሱ ሲበረታ ዋጋቸው መወዛወዙ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ምልክቶች ተዳቅለው ማንም ያልላከው ሦስተኛ ምልክት ይወልዳሉ። ባሪየም ስትሮንቲየም ታይታኔት የተባለው ቁስም ይህ ጠባይ ሙሉ በሙሉ አይጠፋለትም። ስለዚህ ቋሚ ዋጋ ያላቸውን ትንንሽ ካፓሲተሮች በማብሪያ ማጥፊያ እየደመሩ መጠቀም ይመረጣል፤ አምስት ካፓሲተሮች እጥፍ በእጥፍ ቢደረደሩ 32 የተለያዩ ዋጋዎች ይሰጣሉ።

የጠፋውን ማስመለስ

በመጀመሪያ ለአእምሮ የሚመጣው መፍትሔ እርከን መጨመር ነው። ስድስት ዴሲቤል በእርከን ከሆነ አራቱን ስምንት እናድርጋቸው! ይህ ግን ማለፍ የሚገባውንም ምልክት አብሮ ያደክማል፤ ተቀያያሪ ካፓሲተሮቹንም ያበዛቸዋል። ብዙም አንዘገይበትም።

ሁለተኛው መንገድ ቋሚውን ካፓሲተር በኢንዳክተር ማቻቻል ነው። ጎን ለጎን የቆመ ተስማሚ ኢንዳክተር የካፓሲተሩን ፍሰት በተቃራኒ ፍሰት ይሽረዋል፤ የሁለቱ ድግግሞሾች ክፍተትም ይሰፋል። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በአንድ ድግግሞሽ ዙሪያ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በቺፕ ላይ የሚጠመጠሙ ኢንዳክተሮችም ከክሪስታሉ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ኃይል አባካኝ ናቸው። ትናንሽ ኢንዳክተሮች የሚጠቅሙት በሌላ ሥራ ነው። በየቦታው እኩል ማገድ አያስፈልግምና፣ ጠላት በሚቆምበት ቦታ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ይበቃል። ወደ መሬት በሚወርደው 2 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ላይ በተከታታይ 0.9 ናኖሄንሪ ኢንዳክተር ቢጨመር ሁለቱ በ3.75 ጊጋኸርትዝ ላይ ይስማማሉ፤ ይህ የ1875 ሜጋኸርትዝ እጥፍ ነው። የላኪው ማጉያ ከራሱ የሚያወጣው ሁለተኛው ሃርሞኒክ የሚወድቀው በትክክል እዚያ ነው። 0.9 ናኖሄንሪ ማለት ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ሽቦ ማለት ነው። ያ ሽቦ በጥንቃቄ ከተቀመጠ ወዳጅ ነው፤ ሁለት እርከኖች በአንድ ሽቦ ወደ መሬት ከተያያዙ ግን ምልክቱ በእርሱ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላልና ማዳከሙን ያበላሸዋል። በወረቀት ላይ ያማረ ንድፍ በልኬት ጊዜ የሚያሳፍረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ሽቦ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለእኛ ከሁሉ የሚያስደስተን ነው። የሚሾልከው ምልክት በካፓሲተር በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ያንኑ ምልክት ገልብጠን በእኩል ካፓሲተር በኩል ብንልከው ሁለቱ መውጫው ላይ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ሄዝልታይን የቫኩም ቱቦ ሬዲዮዎች እንዳያፏጩ በቱቦው ውስጥ የሚሾልከውን በዚሁ ዘዴ ሽሮታል፤ ኒውትሮዳይን የተባሉት ሬዲዮዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ መቀበያዎች በኳርትዝ ማጣሪያቸው ላይ የኳርትዙን ቋሚ ካፓሲተር የሚሽር ተቀያያሪ ካፓሲተር ነበራቸው፤ አድማጩ እርሱን በእጁ እያዞረ ጉድጓዱን በሚረብሸው ጣቢያ ላይ ያሳርፍ ነበር። ተቃኚ የድምፅ ሞገድ ማጣሪያ ማለት በመሠረቱ ይህ አይደለምን?

የዚህ ዘዴ ችግር ጥንቃቄ መፈለጉ ነው። ሾልኮ የሚያልፈውን በ20 ዴሲቤል ለመቀነስ የተገለበጠው ምልክት በፌዝ ከ5.7 ዲግሪ በላይ መሳት የለበትም፤ 40 ዴሲቤል ከተፈለገ ስህተቱ ከ0.6 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፤ ይህም መጠኑ ፍጹም እኩል ከሆነ ነው። ማጣሪያው በተቃኘ ቁጥር የሚሾልከው ስለሚለወጥ የሚሽረውም አብሮ መለወጥ አለበት። እዚህ ላይ ግን አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። የሾለከው ለምን እንደጨመረ እናውቃለን፤ ራሳችን ያያያዝነው ካፓሲተር ነው። በቅኝት ጎን የገቡትን ያንኑ ያህል ካፓሲተሮች በተገለበጠው ጎን ብናስገባ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ጎን ለጎን የተያያዘው ተጨማሪ ካፓሲተር በራሱ ድርሻ ብቻ ከተሻረ ግን ቅኝቱም አብሮ ስለሚሻር፣ ንድፍ አውጪው የሚሽረው ከማለፊያው ክልል ርቆ ባለው ድግግሞሽ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይኖርበታል። አስቸጋሪው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

የመጨረሻው መንገድ ወደ ቁሱ መመለስ ነው፤ እኛም ተስፋችንን የምንጥለው በእርሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ከአሉሚኒየም ናይትራይድ ውስጥ ከአሉሚኒየሙ ከፊሉን በስካንዲየም ቢተኩ የፒዞኤሌክትሪክ ምላሹ እስከ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳዩ። ቀጭን የሊቲየም ናዮቤት ንጣፎች ደግሞ የንዝረቱንና የቋሚውን ካፓሲተር ንጽጽር ከ0.05 ወደ 0.25 ማድረስ ችለዋል። ያን ጊዜ ክፍተቱ 2.5 በመቶ ሳይሆን ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። ያንኑ የ23 ሜጋኸርትዝ ጉዞ እንደገና እናስላ። የላይኛውን ጉድጓድ ለማውረድ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ካፓሲተር የቋሚው 12 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የታችኛውን ለማውጣት በተከታታይ የሚገባው ካፓሲተር ከቋሚው ዘጠኝ እጥፍ ስለሚሆን የመሬቱን ካፓሲተር የሚቀንሰው በአሥር በመቶ ነው። እያንዳንዱ እርከን ከ11.4 ወደ 10.4 ዴሲቤል ብቻ ይወርዳል። አራቱ እርከን ከ41 ዴሲቤል በላይ ይይዛሉ። በአሉሚኒየም ናይትራይድ 22 ዴሲቤል ያስከፈለው ጉዞ እዚህ ከ5 ዴሲቤል በታች ያስከፍላል።

ነጻ ስጦታ ግን የለም። ሰፊ ክፍተት ማለት ጉድጓዶቹ ከማለፊያው ክልል ርቀው ይጀምራሉ ማለት ነው፤ 20 ሜጋኸርትዝ ብቻ ባለው ድንበር ላይ ይህ ራሱ ጉድለት ነው። ሊቲየም ናዮቤት በሙቀትም ድግግሞሹ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ያልተፈለጉ ንዝረቶችም ይበዙበታል። ስለዚህ «አንድ ማጣሪያ ሁሉንም ይተካል» የሚለውን አባባል እኛ በጥርጣሬ እናየዋለን። ሰባት ስምንት ጎረቤት ክልሎችን በሦስት ማጣሪያ መሸፈን ግን ከፊዚክስ ሕግ ጋር የሚጋጭ ነገር የለበትም።

በቤተ ሙከራ

ከላይ የተባለውን ለማየት የጊጋኸርትዝ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተበላሸ የኮምፒዩተር ቦርድ የተነቀለ የ10 ሜጋኸርትዝ ኳርትዝ፣ ሲግናል ጄነሬተር፣ ኦሲሎስኮፕና የ50 ኦም ተቃውሞ ይበቃሉ። የተለመደው ኳርትዝ ቋሚ ካፓሲተሩ ወደ 5 ፒኮፋራድ፣ የንዝረት ካፓሲተሩ ወደ 0.02 ፒኮፋራድ ስለሆነ የሁለቱ ድግግሞሾች ክፍተት ወደ 20 ኪሎኸርትዝ ይሆናል። ኳርትዙን በጄነሬተሩና በተቃውሞው መካከል በተከታታይ ያቁሙት። ብሬድቦርድ አይጠቀሙ፤ በረድፎቹ መካከል ያለው ካፓሲተር ራሱ ጥቂት ፒኮፋራድ ስለሆነ ልኬቱን ያሳስታል። አጭር ሽቦና ብየዳ ይሻላል።

ለኳርትዙ 1 ቮልት ሲሰጠው ከሬዞናንሱ ርቆ በተቃውሞው ላይ የሚታየው ወደ 16 ሚሊቮልት ነው። ከኳርትዙ ጎን 5 ፒኮፋራድ ሲያያዝ ጉድጓዱ ከ20 ወደ 10 ኪሎኸርትዝ ይቀርባል፤ የሾለከው ግን ወደ 31 ሚሊቮልት ያድጋል። ስድስት ዴሲቤል ጠፋ ማለት ነው። ቀጥሎ የጨመሩትን ካፓሲተር አውጥተው በፌራይት ቀለበት ላይ ትንሽ ትራንስፎርመር ይጠምጥሙ። የሁለተኛው ጥምጥም መካከል ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ ከአንዱ ጫፍ ኳርትዙ፣ ከሌላው ጫፍ ከ2 እስከ 10 ፒኮፋራድ የሚዞር ትሪመር ካፓሲተር ወደ ተቃውሞው ይምጡ። ትሪመሩ ወደ 5 ፒኮፋራድ ሲጠጋ የሾለከው ምልክት ከኦሲሎስኮፑ ላይ እየጠፋ ይሄዳል፤ ጉድጓዱም ከሬዞናንሱ ወደ ላይ እየራቀ ይሸሻል። ከ5 ፒኮፋራድ አልፎ ሲዞር ደግሞ ከሬዞናንሱ በታች በኩል ብቅ ይላል።